«እስቲ ቁሚ» አለችኝ

«ባሌ ልማር ነው» ብዬ ለእናቴ የነገርኳት ቀን ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «የማን ባል?» አለችኝ። ባል ሳይሆን ዳንስ መሆኑን፣ ፈረንጆቹ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» እንደሚውጧት አስረዳኋት። «እኔማ ባል መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እንደፈለገ ይጥራው፣ እኔ «ት»ዋን ጨምሬ ባሌት ነው የምለው።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ባሌት የጀመርኩት በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፣ በ26 ዓመቴ። ተረኛ በሆንኩበት አንድ ሌሊት መድኃኒት ፈላጊ ጠፍቶ ስልኬን ስነካካ አንድ ቪዲዮ መጣብኝ። ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ አግዳሚ ብረት ይዛ ጉልበቷን ቀስ ብላ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ሦስት ጊዜ መላልሼ አየሁት። ምኑ እንደያዘኝ እስካሁን አላውቅም። ከተረኝነት ስወጣ፣ እንቅልፍ ሳልተኛ፣ የወንበር መደገፊያ ይዤ ሞከርኩት።

ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም አንዲት ልጅ «ቤት ውስጥ ብቻዬን ልጀምር ነው፣ ምን ትመክሪኛለሽ?» አለችኝ። እኔ መካሪ አይደለሁም። ግን ሦስት ዓመት ብቻዬን ስዳክር ቆይቼ የሚያውቅ ሰው ፊት ስቆም የሆነውን ልነግራት እችላለሁ። በስልክ ጀምሬላት ረዘመብኝ፤ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ባር ማሠራት ነበር። ባር ስል የሚጠጣበትን አይደለም፤ ባሌት የሚለማመድ ሰው የሚይዘውን አግዳሚ ነው። ብየዳ ቤት ሄጄ የውሃ ቱቦ በሁለት እግር አቁሙልኝ አልኩ። ቁመቱን ከእምብርቴ ትንሽ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ልጁ ለካና «የልብስ ማስጫ ነው አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ማስረዳት ደክሞኝ ነው። አፌ ነው መሰለኝ፣ እናቴ ዛሬ ነጠላዋን የምታሰጣው እሱ ላይ ነው።

ወለላችን ሊሾ ነው። ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ ክፉ። መስታወቴ የቁምሳጥኑ በር ነው፤ ከጉልበቴ በታች አያሳይም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከቪዲዮ መማር መጥፎ ነው አልልም። ያለ ቪዲዮ ባሌት የሚባል ነገር ማርቆስ ድረስ አይደርስልኝም ነበር። ግን ግራ ያጋባል። አንዱ አስተማሪ «ሦስተኛው የእጅ አቀማመጥ» ሲል ሁለቱን እጆቹን ከራሱ በላይ ያነሣል። ሌላዋ ያንኑ «አምስተኛ» ትለዋለች። ማን ነው የተሳሳተው ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳነጻጽር አድሬያለሁ። ለካ ሁለቱም ልክ ናቸው። ባሌት ልክ እንደ አብነት ትምህርት የተለያየ ቤት አለው። ሩሲያዊቷ አግሪፒና ቫጋኖቫ (እ.ኤ.አ. 1879–1951) ያደራጀችው አለ። የጣሊያኑ ኤንሪኮ ቼኬቲ አለ። የዴንማርኩ ኦጉስት ቡርኖንቪል አለ። እ.ኤ.አ. በ1920 ለንደን ላይ የተመሠረተው፣ ዛሬ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስ የሚባለውም የራሱ ሥርዓት አለው። በቫጋኖቫ ቤት መነሻውን ሳይጨምር የእጅ አቀማመጥ ሦስት ነው፤ ስለዚህ ከራስ በላይ ያለው ሦስተኛ ይሆናል። ሌሎቹ እስከ አምስት ይቆጥራሉ። እኔ ከሁሉም ቤት እየለቃቀምኩ ነበር የምማረው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ «የሁሉንም ቤት ቀማሽ የማንም ቤት ልጅ አይደለም» ብለው ሳቁብኝ።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም። ሰዉ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኛም የቤት ልጆች እንደዚያው። አቋቋም፣ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና ሽብሸባ፣ ያስተምሩ ነበር። የተማሩት ተክሌ የሚባለውን ቤት ነው። ስለ እሳቸውም እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ጉልበቴ። ባሌት እግርን ከፍቶ ነው የሚሠራው፤ ሁለቱ እግሮች ወደ ውጭ ይዞራሉ። ቪዲዮ ላይ ያሉት ተረከዛቸውን ገጥመው ጣቶቻቸው ቀኝና ግራ ይመለከታሉ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። 180 ዲግሪ ማለት ነው። እኔም ያንን ፈለግኩ። ዘዴ አገኘሁ። ጉልበቴን አጥፌ እግሬን የምፈልገውን ያህል እከፍታለሁ። ባዶ እግሬ ሊሾው ላይ ይነክሳል፣ አይንሸራተትም። ከዚያ ጉልበቴን አቃናለሁ። ተከፈተ! መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ዳሌዋም ጉልበቷም ያምራል። ከጉልበቷ በታች ምን እየሆነ እንደሆነ ግን መስታወቱ አያሳይም።

በ2015 ሚያዝያ ግራ ጉልበቴ በውስጥ በኩል መውጋት ጀመረ። ደረጃ ስወርድ ይብሳል። ፋርማሲስት ሆኜ ማንም ደንበኛ ሲያደርገው ባይ የምቆጣውን አደረግኩ። ዳይክሎፌናክ ቅባት እየቀባሁ ልምምዱን ቀጠልኩ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ጉልበቴን ሳይነኩት «ብርድ ነው፣ ሊሾ ላይ አትቁሚ» ተባልኩ። ስለ ሊሾው እንኳ አልተሳሳቱም።

ሰኔ ላይ ለሥራ ሥልጠና ባሕር ዳር ሄድኩና ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ገባሁ። ልጅ እግር ነው። ባሌት አይቶ እንደማያውቅ አልደበቀኝም። «የምታደርጊውን አሳዪኝ» አለ። አሳየሁት። ዝም ብሎ አየኝና «እስቲ በሆድሽ ተኚ» አለ። ጉልበቴን 90 ዲግሪ አጥፎ ባቴን ቀስ አድርጎ ወደ ሌላኛው እግሬ አቅጣጫ አዘነበለው። እስከየት እንደሚሄድ በመለኪያ ያዘ። ቀኙ 45፣ ግራው 38።

«ዳሌሽ የሚሰጥሽ ይህንን ነው። ስትቆሚ ግን እያንዳንዱን እግርሽን ወደ 80 እየገፋሽው ነው። ልዩነቱን ማን ይክፈል?»

«ጉልበት» አልኩ።

«ጉልበትና ቁርጭምጭሚት።»

ከዚያ ያስረዳኝን ሳልረሳው ጻፍኩት። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ሉል ነው፤ የሚገባውም ጎድጓዳ ሶኬት ውስጥ ነው። ጎድጓዳው ምን ያህል ጥልቅ ነው፣ የአጥንቱ አንገት ወዴት ያዘነበለ ነው የሚለው እግር ስንት ዲግሪ እንደሚዞር ይወስናል። ይህ አጥንት ነው። በ27 ዓመት በመለጠጥ አይቀየርም። የሚሠለጥነው ያለውን ዙር ይዞ የሚያቆየው ጡንቻ ነው። ጉልበት ደግሞ ዋና ሥራው እንደ በር ማጠፊያ መታጠፍና መዘርጋት ነው። በሩን ወደማይሄድበት ጎን ብትጠመዝዙት ማጠፊያው ይለቃል።

ስድስት ሳምንት እግር መክፈት ከለከለኝ። በጎን ተኝቼ፣ ጉልበቶቼን አጥፌ፣ ላስቲክ አስሬባቸው፣ ላይኛውን ጉልበት ብቻ ማንሣትና መመለስ። አሰልቺ። በየቀኑ። ስወጣ «እኔ ጉልበትሽን ነው ያየሁት። ዳንሱን የሚያውቅ ሰው ይይሽ» አለኝ። እስከዚያ ድረስ ካገኘሁት ምክር ሁሉ ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ። የሚያውቀው የት ላይ እንደሚያልቅ የሚናገር ባለሙያ ስታገኙ ስልኩን ያዙ።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ጠፋ፣ ለወራት። ስለዚያ ጊዜ ማርቆስ ላይ ያለን ሰዎች ብዙ የምንለው አለን፤ የእኔ የባሌት ቪዲዮ ከሁሉ የመጨረሻው ነው። ግን እውነት ለመናገር ጉልበቴ የዳነው ያኔ ነው። አዲስ ነገር የሚያሳየኝ አልነበረም። ላስቲኩና ባሩ ብቻ። ፕሊዬ (ጉልበት ማጠፍና መዘርጋት) አደርጋለሁ፣ ታንዱ (እግር መሬት እያስጠረጉ መዘርጋት) አደርጋለሁ፣ እተኛለሁ።

የሚያውቅ ሰው ያገኘሁት በ2017 ጥር ነው። የአክስቴ ልጅ ልጇን አዲስ አበባ ባሌት ታስተምራለች፤ አስተማሪዋን ለመነችልኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ሰጠችኝ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደጀንን አልፎ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ። መንገዱን ሙሉ ደብተሬን ይዤ ጥያቄዎቼን ስከልስ ሄድኩ። 27 ጥያቄ ነበረኝ። ስንት ዙር ልዞር እችላለሁ? እግሬን ስንት ላድርስ? ከየትኛው ቤት ልማር? በጣቴ መቆም መቼ ልጀምር?

አስተማሪዋ በዕድሜ ብዙ አትበልጠኝም። ደብተሩን አየችው፣ ዘጋችው፣ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። «እስቲ ቁሚ» አለችኝ።

ቆምኩ።

«አይ፣ እንደ ባሌት አይደለም። ታክሲ እንደምትጠብቂ ቁሚ።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። አላጋነንኩም። ዞረችኝ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ከዚያ «የመጣሽበትን ጫማ አምጪው» አለች። ገልብጣ ሶሉን አሳየችኝ። ሁለቱም በውስጥ በኩል አልቋል፣ ግራው የባሰ። እኔ ያንን ጫማ አንድ ዓመት አድርጌው ሶሉን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። «ክብደትሽ አውራ ጣትሽ ላይ እየፈሰሰ ነው» አለች። እግር በሦስት ነጥብ ነው መሬት የሚይዘው፤ ተረከዝ፣ የአውራ ጣት ሥር፣ የትንሿ ጣት ሥር። የኔ ትንሿ ጣት ሥራ ፈት ነበረች። ስከፍት ደግሞ ውስጥ እግሬ ጨርሶ መሬት ላይ ይተኛል። ቁምሳጥኔ ያላሳየኝ ይኼን ነው።

ቀጥላ መቀመጫዬን። አንድ ቪዲዮ «መቀመጫሽን አስገቢ» ብሎኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አስገብቼ ቆየሁ። ወደ ውስጥ የተቆለመመ ዳሌ ግን ጭን እንዲዞር ቦታ አይሰጠውም። ስለቀው ብቻ፣ ምንም ሳልጨምር፣ እግሬ ትንሽ ተከፈተ። ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ትከሻዬ። ፕሊዬ ስወርድ ትከሻዬ ይወጣል። ስነሣ ይወርዳል። «ጎጃሜ ነሽ እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች። «እግርሽ ባሌት ይላል፣ ትከሻሽ እስክስታ ይላል።» መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ ግን አንድ ነገር አሳየችኝ። «እስቲ እስክስታሽን አሳዪኝ፣ እግርሽን ሳታነቃንቂ» አለች። እሱማ የአባቴ ቤት ነው። ከልጅነቴ ሠርግ ላይ ነው ያደግኩት። ትከሻዬን አንቀጠቀጥኩ፣ አንገቴን ሰበቅኩ፣ ደረቴን ገፋሁ፤ ከወገቤ በታች ምንም የለም። «አየሽ፣ ትከሻሽን ከሌላው ሰውነትሽ ለይተሽ ማዘዝ ትችያለሽ። ብዙ ጀማሪ ይህን አይችልም። በይ አሁን እዚያው ላይ እንዳለሽ ትከሻሽን አስተኚውና ውረጂ።» ወረድኩ። ትከሻዬ ተኛ። በቪዲዮ ስንት ጊዜ «ትከሻ ዝቅ!» ሲባል ሰምቻለሁ። ከምን ተነሥቼ ዝቅ እንደማደርገው የነገረኝ ግን አልነበረም።

ለፕሊዬ ስክሪብቶ አወጣች። ሁለቱ ጉልበቶቼ መሃል ላይ ነጥብ ነጥብ አደረገችብኝ። «ስታጥፊ ነጥቧ ከሁለተኛዋ ጣትሽ በላይ ትሂድ። ወደ አውራ ጣት ከገባች ብዙ ከፍተሻል ማለት ነው፤ እግርሽን ዝጊው።» ዘጋሁ። እንደገና ገባች። ዘጋሁ። ስትስተካከልልኝ አከፋፈቴ ከ90 ዲግሪ በታች ነበር። ባሕር ዳር ላይ የተለካው 45 እና 38 ሲደመር 83 ነው። ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ፣ አንዱ በመለኪያ፣ አንዷ በስክሪብቶ፣ እዚያው ቦታ አቆሙኝ። ይህን ለሁለቱም አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው ይገባል።

ስለ ረለቬ፣ ማለት ተረከዝ አንሥቶ ስለመቆም፣ ፈተና ሰጠችኝ። በአንድ እግር፣ ጉልበት ሳይታጠፍ፣ ተረከዝ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። 25 ጊዜ። ቀኝ እግሬ 9 ላይ ተንቀጠቀጠ። ግራው 6 ላይ አቆመ። እኔ ፒሩዌት ልዞር ነበር ያሰብኩት! በአንድ እግር ተረከዝ አንሥቶ መዞር ማለት ነው። ያንን አንድ እግር መጀመሪያ ማቆም እንዳለብኝ ልብ አላልኩም። ለጊዜው ሩብ ዙር ፈቀደችልኝ። ዓይን አንድ ቦታ ይቆያል፣ አካል ይዞራል፣ ራስ መጨረሻ ላይ ቶሎ ይከተላል። ሩብ ዙር፣ ማቆም፣ መተንፈስ።

ከቦርሳዬ ጫማውን ያወጣሁት ያኔ ነው። ያወጣሁት አፍሬ ነው። በጣት የሚቆምበትን፣ ፊቱ ጠፍጣፋውን ሮዝ ጫማ ከአንድ የኦንላይን ሻጭ በ4,500 ብር ገዝቼ ነበር። ቁጥሩ ሲመጣ ሰፊ ሆነ። ሻጩ ገንዘቡ ከገባለት በኋላ ስልክ አያነሣም። አስተማሪዋ ጫማውን በእጇ አጠፍ አጠፍ አደረገችው። ሰው ውስጡ እንጨት ወይም ብረት ያለው ይመስለዋል፣ የለውም። ጫፉ ጨርቅና ወረቀት በማጣበቂያ እየተደራረበ የደረቀ ነው፤ ከሥሩ እግርን የሚደግፍ ጠንካራ ሶል አለው። በሙያው ያሉ ዳንሰኞች አንዱን ጥንድ በአንድ ምሽት ትርኢት ሊጨርሱት ይችላሉ። እግር ላይ እየተለካ የሚመረጥ ጫማ ነው። ሲሰፋ እግር ወደ ጫፉ ይሰምጥና መላው ክብደት ጣት ላይ ያርፋል። ልጆች እንኳ ጥቂት ዓመት ተምረው፣ ብዙውን ጊዜ 11 ወይም 12 ዓመት ሲሞላቸው ነው የሚጀምሩት፤ የእግራቸው አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ ይጠብቃሉ። «የኔ አጥንት አድጎ ጨርሷል» አልኳት። «ያንቺ ባት ግን 6 ነው የሚቆጥረው» አለችኝ። ጫማው አሁን ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ጌጥ ይመስለዋል።

ዝላይ ሊሾ ላይ ከለከለችኝ። የዳንስ ወለል ከሥሩ ክፍተት ወይም ስፖንጅ ስላለው ሲወርዱበት ትንሽ ይሰጣል። «ቺፕውድ ባነጥፍስ?» አልኳት። «ሊሾ ላይ የተነጠፈ ቺፕውድ ያው ሊሾ ነው። ቅዝቃዜውን ይቀንስልሽ ይሆናል» አለች። ገዝቼው ነበር። አሁን ቅዝቃዜውን እየቀነሰልኝ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ልበላቸው። እሑድ እሑድ ሦስት ሰዓት በአንድ ጊዜ እለማመድ ነበር፤ በሳምንት አራት ቀን 40 ደቂቃ አድርጊው አለችኝ። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ሳልሟሟቅ እግሬን ለመሰንጠቅ እታገል ነበር፤ መለጠጥ ልምምድ ካለቀ በኋላ ነው፣ ሰውነት ሞቆ፣ በአንድ ቦታ 30 ሰከንድ ያህል ይበቃል። ከየትኛው ቤት ልማር ለሚለው «እኔ የተማርኩት ቫጋኖቫ ነው፤ እኔን ከያዝሽ እሱን ያዢ» አለች። በዐቢይ ጾም እንዴት ላድርግ ስላት «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብዪ፣ አሥር ተኩል ላይ ሥሪ» አለች። ይህንንስ ከፈረንጅ ቪዲዮ አላገኘውም ነበር።

ከ27ቱ ጥያቄዎቼ የተመለሱት አራት ይሆናሉ። የቀሩት ሳይመለሱ ሞቱ። ጥያቄው ራሱ ከስክሪብቶዋ ነጥብ በኋላ ሞኝ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቪዲዮ እልክላታለሁ፣ በክፍያ። የመጀመሪያው ቪዲዮዬ 11 ደቂቃ ነበር፤ ከሥሩ «እንዴት ነኝ?» ብዬ ጻፍኩ። መልሷ «ምንሽ?» የሚል ብቻ ነበር። አሁን ገብቶኛል። ስልኩን ወገቤ ቁመት ላይ አቆማለሁ፤ ከታች ወደ ላይ ከተቀረጸ እግር ይረዝማል፣ ስህተት ይደበቃል። እግሬ ከነጣቴ ይግባ። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን። መስኮቱ ፊቴ እንጂ ጀርባዬ እንዳይሆን። ሰፊ ሱሪ አይሆንም፣ ጉልበት ይደብቃል። 30 ሰከንድ። አንድ ጥያቄ። የሚያመኝ ካለ የት፣ መቼ፣ ከልምምድ በኋላ ስንት ሰዓት እንደቆየ። ባት ሁለቱም ደክሞ ቢያድር አትደነግጥም። አንድ ጎን፣ መገጣጠሚያ ላይ፣ ስለት እንደሚወጋ ከሆነ ግን «አቁሚ» ነው፤ ሌላ አትጽፍልኝም።

አሁን አጎቴ። ለፋሲካ ማግስት ቤታችን ቡና ሊጠጡ መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ ታንዱ እየሠራሁ ነበር። ታንዱ ማለት እግርን መሬት እያስጠረጉ መዘርጋት ነው፤ ተረከዝ ይለቃል፣ የእግር መዳፍ ይለቃል፣ ጣት ብቻ መሬት ይነካል፤ ሲመለስ በዚያው መንገድ። ቀና ስል የኔታ በሩ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ይኼ የሚጨፈር ነው ወይስ የሚቆም?» አሉ።

«አብዛኛው የሚቆም ነው የኔታ።»

«ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። ስምንት በቀኝ፣ ስምንት በግራ። «ግራሽ ቀኝሽን ይጠብቃል» አሉኝ። «ዘግይቶ ነው የሚነሣ።» ከሁለት ቀን በፊት አስተማሪዋ የላከችልኝ መልእክት «ግራ እግርሽ ከቆጠራው ኋላ ነው» የሚል ነበር። የኔታ ባሌት ሲሠራ ከዚያ ቀን በፊት አይተው አያውቁም።

ቡናው እስኪፈላ ስለ ራሳቸው አወሩኝ። አቋቋም ቤት ሲገቡ መቋሚያ ይዘው ከኋላ ቆመው ያዩ ነበር። ወደ ፊት የሚጠጋ የለም። ዝማሜው ላይ መቋሚያው ሲወርድ አብሮ ያልወረደ ልጅ ከመቶ ሰው መካከል ይታያል። የኔታቸው ዓይናቸው ደክሞ ነበርና «ማን ነው ያ?» የሚሉት በጆሮ ነበር፤ መሬት የዘገየበትን መቋሚያ ይሰማሉ። እኔም በተራዬ የማውቀውን ነገርኳቸው። ባሌት ከጣሊያን ቤተ መንግሥቶች ተነሥቶ ፈረንሳይ እንደገባ፣ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ራሱ ይደንስ እንደነበርና እ.ኤ.አ. በ1661 የዳንስ አካዳሚ እንዳቆመ፣ አምስቱን የእግር አቀማመጦች ሥርዓት ያስያዘው ፒየር ቦሻም የሚባል የዳንስ መምህሩ እንደሆነ። ቃላቱም ለዚህ ነው እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ የሚጠሩት። ፕሊዬ መታጠፍ፣ ታንዱ መዘርጋት፣ ረለቬ መነሣት።

«እኛስ?» አሉ የኔታ። «ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ...» በጣታቸው የዜማውን ምልክት ቆጠሩ። «ሰው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ይህን በዚህ ስም አይጠራውም። ቃሉን ሳይዙ ሥራው አይያዝም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደጀ ሰላም አካባቢ ግን እንዳታደርጊው» አሉኝ። ቃል ገባሁ።

የፍኖተ ሰላሟን ልጅ ያልኳት ይኼው ነው። አስተማሪ እስክታገኚ በሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት ፈልጊ፤ ካጣሽ ስልክሽ እግርሽን ይቅረጽ። ጫማሽን ገልብጠሽ እዪው። ስክሪብቶ አይወደድም። ሮዙን ጫማ አትግዢ፤ ከገዛሽም ከእኔ ሻጭ አትግዢ።

በረለቬ ቀኙ 19 ደርሷል፣ ግራው 16። ዛሬ ቪዲዮ የምልክበት ቀን ነው። ሐምሌ ስለሆነ ማርቆስ ላይ ምንም ነገር በአንድ ቀን አይደርቅም። ባሩ ላይ የእናቴ ሁለት ነጠላና አንድ ጋቢ ከትናንት ጀምሮ ተሰጥተዋል። ላንሣቸው ብላት «ባልሽ ይጠብቅ» አለችኝ። የወንበሩን መደገፊያ ይዤ እቀርጻለሁ።